የዲከረንሱ ሽያጭ ቀን

ለውድ ልጄ ለአሸናፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት ያዘለው ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው በስልክ ስታስል ከሰማች ወዲህ እናትህ እንቅልፍ የላትም፤ ሳሉ ለቀቀህ ወይስ አሁንም አለ? የምትተኛበት ቤት ይሞቃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእኔም ጉልበት እንጅባራ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ገና አልሰነፈም።

መልእክትህን እህትህ ቤዛዊት ከስልኳ አነበበችልኝ፤ እኔም ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ለአሜሪካ መንግሥት ግብር ስታስታውቅ ያለፈው የፈረንጅ ዓመትህ ለሁለት እንደሚከፈል ተረዳሁ። እዚያ ከመግባትህ በፊት እዚህ ያገኘኸውን አይጠይቁህም፤ ከገባህ ወዲህ የመጣልህን ግን የትም ይሁን የት ትናገራለህ። ቅጹን የምትሞላልህ ሴትዮ ቀኑን አጣርተህ አምጣ ስላለችህ፣ ከጓሯችን የተከልከው የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል አክሳዮች የተሸጠው መቼ እንደሆነ ጠየቅኸኝ። አንተ የገባኸው ሐምሌ አሥር ነው። ከዚያ በፊት ከተሸጠ ነፃ ነህ፤ በኋላ ከሆነ ግን ደመወዝህ ለቤት ኪራይ እንኳ ሳይበቃ ግብር ሊያስከፍልህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። መልእክትህ ሲነበብ ጎረቤታችን አወቀ እኛ ዘንድ ነበር። ሰኔ ላይ ተሸጠ ብለህ ጻፍለትና ልጁ ይረፍ፣ አሜሪካ እንደሁ አዘና ድረስ መጥቶ ጉቶ አይቆጥር ብሎ መከረኝ። ሳቅሁበት፤ ከሳቄ በኋላ ግን ልቤ ወደ ምክሩ አደላ። ብዕር አንስቼ ሰኔ ሃያ ብዬ ጻፍኩልህ። እናትህ ከሳጥኑ የሽያጩን ውል አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ነሐሴ ሦስት ይላል። ከሥሩ ሦስት ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ፈርመዋል፤ አንደኛው ጥር ላይ የቀበርነው አያ ቢያድግልኝ ነው። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ረጋ ብሎ ሲያትም ታየኝ። ሰኔ ብዬ ብልክልህ የሞተ ሰው ማስዋሸቴ ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ። ማንም የማያየውን ጓሮህን ሳይደብቅ ለመናገር ቀኑን የጠየቀው አንተ ነህ፤ ሊያድበሰብስ የቃጣው አባትህ ነው። ግብሩን የከፈለ ሰው የትም ቀና ብሎ ይቆማል እያልኩ ያሳደግኩህ እኔው ነበርኩ። ለካ ትሰማኝ ኖሯል! እንጨት ፍለጥ ስልህ ግን አትሰማም ነበር። ሴትዮዋንም አመስግንልኝ፤ ሰነፍ ብትሆን ዓመቱን አንድ ላይ ጠቅልላ በሞላችው ነበር። የውሉን ፎቶ ቤዛዊት ዛሬውኑ ትልክልሃለች። በፈረንጅ ኦገስት ዘጠኝ ነው ብላ ከጎኑ ጽፋበታለች፤ የእኛን 2016 ብቻ ካዩ የድሮ ወሬ ይመስላቸዋል። ሚያዝያ ሰባት ሳያልፍ አስገባ።

ዓመትህ ለሁለት ተከፈለ ሲባል እናትህ ደስ አላት። እስከ ሐምሌ ድረስ የእኛ እንደነበርክ መንግሥታቸውም አመነ ትላለች። የሚመጣው ዓመት ቅጽ ግን ሙሉውን የእነሱ ያደርግሃል መሰለኝ። ይህን አልነገርኳትም።

እናትህ ማናየሽ ደረትህን ሸፍን ብላ ትስምሃለች። ቤዛዊት ሰላም ብላለች፤ ፈተና ስላለባት ጸልይላት። አወቀም አፍሮ ነው መሰል፣ ሰላም በልልኝ ያለው ከበር ላይ ሆኖ ነው።

ከሰሉ ወጥቶ መሬቱ ባዶውን ነው። ዝናብ ሲገባ ጤፍ ዘርቼ በመካከሉ አዲስ ችግኝ እተክላለሁ፤ እሱም የአንተ ነው። በአምስት ዓመቱ ለሽያጭ ይደርሳል። ያን ጊዜ እኔ አልሸጥልህም። መጥተህ ራስህ ሽጠው፤ ቀኑንም ራስህ ጻፈው።

አባትህ አበረ
አዘና፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.