የዘንዘልማ ዲቃላ ላሞች

ሰኞ

ጋሽ ዓለሙን ወሰዷቸው። 

ባለፈው ሳምንት ዘንዘልማ ሄደን የገበሬ ማኅበሩን ከብቶች የመዥገር መድኃኒት የረጨነው እኔና እሳቸው ነን። እኔ በጠበጥሁ፣ እሳቸው ረጩ። ዛሬ ከአምስቱ አዳዲስ ዲቃላ የወተት ላሞች ሁለቱ ሞቱ የሚል ወሬ መጣ። ወዲያው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወደ እንስሳት ክሊኒካችን ግቢ ገብተው "ዓለሙ ማነው?" አሉ። ጋሽ ዓለሙ ቱታቸውን እንኳ አላወለቁም። ኃላፊያችን አቀረቀረ። አንደኛው ሲወጣ "አሻጥር ነው" ሲል ሰማሁ። በዚህ ቃል ስንቱ ሄዶ ቀረ።

እኔንስ መቼ ይሆን የሚመጡብኝ?

ማክሰኞ

እህል አልወርድ አለኝ። የመድኃኒቱን ልኬት ደጋግሜ አሰላሁ፤ ልክ ነው። መርዝ ቢሆን ለሐጫቸው በተዝረበረበ፣ በዚያው ቀን በወደቁ ነበር። በዚያው መድኃኒት የተረጩት ያገሩ ከብቶችም ደኅና ናቸው።

ከመርጨታችን በፊት ለቅሜ በአልኮል ያስቀመጥኋቸውን መዥገሮች አወጣሁ። ካገሩ ከብቶች ላይ ትልቁ ዝንጉርጉርና ባለ ቀይ እግሩ ይበዛል። ከዲቃላዎቹ የለቀምሁት ግን ከሞላ ጎደል ትንሹ ሰማያዊ ነው። ደም የሚያሸናውን በሽታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ያገሩ ከብት ለምዶታል፤ ከሩቅ የመጣች ላም አትችለውም።

ለኃላፊያችን ነገርሁት። "ያንቺ ስም አልተነሣም፤ ተይው" አለኝ። እናቴ አንበሳሜ ከተማ ያለችው አክስቴ ዘንድ እንድሄድ ልብሴን ሸክፋ ጠበቀችኝ። የጋሽ ዓለሙ ባለቤት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ይዘው ሲያልፉ ቀና ብለው ሰላም አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

ረቡዕ

አንበሳሜ አልሄድሁም። ቢላዋና ጓንቴን ይዤ ዘንዘልማ ገባሁ። 

"ደግሞ ምን ልትጨምሪብን መጣሽ?" አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ሦስተኛዋ ላም ጠዋት ሞታለች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ልክፈታትና እርስዎም ይዩት" አልሁ። ጓንቴን አጠለቅሁ።

ጣፊያዋ አብጦ ከመጠኑ አልፏል። ፊኛዋ ውስጥ ያለው ሽንት እንደ ድፍርስ ጠላ ጠቁሯል። በሽታ መሆኑን፣ ከመርጨታችን በፊት በመዥገሩ ተላልፎ እንደያዛቸው አስረዳሁ።

"ስትረጩ ጤነኛ ነበሩ። ታመው ያየ አለ?" አሉ ሊቀመንበሩ ዞር ብለው።  ላሞቹን የሚያልቡት እትየ ጥሩነሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ሐሙስ

እትየ ጥሩነሽ ቤት ሄድሁ። በሩን ዘግተው በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ በተረጩበት ቀን ማለዳ ሲያልቡ መጀመሪያ የሞቱት ሁለቱ ላሞች ቀይ ሸንተው ነበር።

"ብናገር 'ለምን ደበቅሽ' ብለው እኔን ያስሩኛል ልጄ። እነዚህን ልጆች ማን ያበላልኛል?"

ልለምናቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ምን ብዬ? እኔም እኮ እየፈራሁ ነው።

ዓርብ

ማኅበሩ ተሰብስቦ ስለ ጋሽ ዓለሙ ሲነጋገር እትየ ጥሩነሽ ሳይጠሯቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው "ቀይ ሲሸኑ እኔ አይቻለሁ። ሳይረጩ ነው" አሉ። 

ሊቀመንበሩ ምስክርነቱን አስጽፈው ጋሽ ዓለሙ ወደታሰሩበት ላኩ። በኋላ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀስረው "የቀሩት ሁለቱ ከሞቱ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ" አሉ። ሁለቱንም መርፌ ወጋኋቸው። አንዷ ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል።

ቅዳሜ

ጋሽ ዓለሙ ተፈቱ! ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። ከስተዋል፤ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ።  "ላሞቹስ?" ብቻ አሉ።

አንደኛዋ ሣር መንጨት ጀምራለች። ትኩሳት ያላት ገና አልተነሣችም። እትየ ጥሩነሽን እስካሁን የነካቸው የለም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ አያቸዋለሁ፤ እሳቸውንም፣ ላሟንም።