ማልቀስ የጀመረው ልጅ

ለልጄ ለኤርሚንያ፣ ማድሪድ፤

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬም በቆሎዬን ራሴ እኮተኩታለሁ፣ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፤ ይህንንም ፊደል እየለቀምሁ ራሴ ጻፍሁት እንጂ መምህሩን አልለመንሁም። አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? የምታሳድጊው የሰው ልጅስ ደኅና ነው? ሲያለቅስ ሮጠሽ ታነሺዋለሽ አሉ። ደግ ነው፤ የሚከፈልሽም ለዚያ ነው።

ያንቺው ልጅ ኤልመር ግን አያለቅስም ነበር። መጀመሪያ ያ ባልሽ ቤቱን በጩኸትና በዱላ ሲያናውጠው አለቀሰ። በስድስት ወሩ ጥለሽው ስትሄጂም አለቀሰ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም በየጠላ ቤቱ «የልጄ ልጅ ወንድ ነው፤ ቢርበው እንኳ አይነጫነጭ» እያልሁ ስኮፈስ ከረምሁ። ጎረቤታችን ዶኛ ፋውስታ ብቻ «አንተ ሽማግሌ፣ ዝም ያለ ልጅ ምኑ ያኮራል?» አለችኝ። ነገረኛ ናት ብዬ ተውኋት።

በኋላ የጤና ኬላዋ ነርስ መጥታ፣ ይሰማ እንደሆን ልትፈትነው ከጀርባው ሆና ሳህን መሬት ላይ ጣለች። ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወደ ማናችንም ዞሮ አላየም። «አባባ፣ ይህ ልጅ ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ መጣራት ታክቶት ነው» አለችኝ። የሕፃን አንጎል የሚገነባው ሲጣራ አቤት የሚለው ሰው ሲያገኝ ነው፤ በድንጋጤ ከኖረ ግን አንጎሉ የሚለምደው ፍርሃትን ነው አለች። ገና አልረፈደም፤ ብቻ የሚያሳድገው እጅ አይቀያየርበት ብላለች።

እንደ አገራችን ወግ ነፍስ ጠሪውንም አመጣሁ። የተውሽውን ቀሚስ ደጃፍ ላይ እያወዛወዘ፣ ደንግጣ የቀረችውን ነፍሱን በስሙ ጠራት። እሱም ያለኝ ያንኑ ነው፤ ነፍሱ ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ከቤት አይጥፋ።

ከዚያ ወዲህ በጀርባዬ አዝዬው እኮተኩታለሁ። ሴቶቹ «አራሱ ሽማግሌ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉኛል። ይበሉ። ትናንት ከጀርባዬ ሳወርደው እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ መንደር እስኪሰማ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ደስታ እናትሽ ከሞተች ወዲህ አላየሁም።

አንቺ ደግሞ እዚህ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ፣ ልጁን ለባሌ እናት ስጥልኝ ብለሽ ልከሻል። አልሰጥም። ልጅ ጆንያ አይደለም፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ የሚዛወር።

አብረውሽ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዶኛ ፋውስታ ሰላም ብላሻለች። ውሻው አርጅቷል፤ ግን አለ።

ስለ ዕዳዬ አታስቢ፤ ራሴ እወጣዋለሁ። ለዶኛ ፋውስታ፣ ለልጁ ስለምትሰጠኝ የፍየሏ ወተት፣ የፈረሰ አጥሯን እክብላታለሁ። ለነፍስ ጠሪው ድንች ሲደርስ እሰፍርለታለሁ። ለልጁም፣ ተጣርቶ መልስ ላጣበት ልቅሶ ሁሉ፣ አሁን አቤት እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ሳልጨርስ ከሞትሁ ግን የማን ዕዳ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

አባትሽ ሳተርኒኖ ቾኬ
ታራታ፣ ቦሊቪያ
በሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ እሳት ዋዜማ፣ 2007