ያለ ምርቃትህ የማትነሳው መኪና

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ የሌሊቱን ብርድ ቻለው? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ሬዲዮ ስታዳምጥ ታነጋለህ? የእማዬ ደም ግፊትስ እንዴት ነው? የእህቴ ልጅስ ጥርስ አወጣ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከስተሻል እንዳትለኝ፣ ጉንጬ እንደነበረ ነው፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

አባዬ፣ ለተማሪዎች ውድድር የምንሠራትን የኤሌክትሪክ መኪና ጨረስናት! ፎቶዋን ስታይ ሳቅ እንዳይገድልህ። ሌሎቹ ኮሌጆች ደጋፊ ድርጅት አላቸው፤ እኛ ያለን ምላስና ትከሻ ነው። አካሏን ከብረት ቱቦ በይደን ሠራነው። ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ካረጀ ማሽን የወጣ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ደህና ደህናውን መርጠን የገጣጠምነው። መቀመጫዋ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ በርሜል ነው። መጀመሪያ የተቀመጥኩበት ዕለት መውጣት አቅቶኝ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጠርዙን በመጋዝ ዝቅ አደረግነው።

የእኔ ድርሻ ፍሬኑ ነው። ለምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ያ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎህ ጉልበትህ ከተሰበረ ወዲህ፣ ከልጆችህ ማንም መሪ እንዳይጨብጥ መማልህን መቼም አልረሳውም። ጓደኞቼ ፍጥነት ፍጥነት ሲሉ እኔ ፍሬን ፍሬን እያልኩ ስነዘንዛቸው፣ ስሜን ትተው «ፍሬኗ» ይሉኛል። ይበሉኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ።

አሁን ጉዳችንን ልንገርህ። ሞተሩን መጀመሪያ በቀኝ በኩል ነበር ያሰርነው። ክብደቱ መኪናዋን ወደ አንድ ጎን ስላዘመማት ገልብጠን በግራ አሰርነው። ጎማዎቹን ከመሬት አንስተን ስንሞክራት ሽክርክር አለች፤ አጨበጨብን፣ ተቃቀፍን። ወዴት እንደምትሽከረከር ያየ አንድ ሰው የለም! ግቢ አወጣናትና እኔ ገባሁ፤ ፍሬኑን መሞከር የእኔ ድርሻ ነዋ። መርገጫውን ስነካው መኪናዋ ወደ ኋላ ተፈተለከች። ከኋላ ቆመው ሲቀርጹኝ የነበሩት ጓደኞቼ እግሬ አውጪኝ አሉ፤ መምህራችን ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ቀሩ። ክው አልኩ፣ አባዬ። እግሬ ግን አልተምታታም፤ ፍሬኑን ስረግጠው ቀጥ አለች፤ እሳቸው ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። ለካ ሞተሩን ስንገለብጠው ዙሩም ተገልብጧል፤ ሁለት ሽቦ ቦታ አለዋወጥንና ልጅቷ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች።

ሁሉም እየተንከተከተ ሲስቅ እኔ ከበየዳ ማሽኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አንተ ያን ቀን ስትረግጠው፣ ደጋግመህ ስትረግጠው፣ ከእግርህ በታች ምንም እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም።

መምህራችን ውድድሩ ላይ ማን ይንዳ ቢሉ ሁሉም ፍሬኗ አሉ። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ አባቴ ሳይመርቀኝ መሪ አልነካም አልኩ። አንዱ ሊስቅብኝ ሲል መምህራችን በዓይናቸው ዝም አሰኙት። እምቢ ካልክ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አላኮርፍም። እሺ፣ ትንሽ አኮርፋለሁ። እሺ ካልክ ግን ከልብህ ይሁን፤ ለአፍህ ያህል ስትል ጉሮሮህን እንደምትጠርግ አውቃለሁ።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ የመኪናውን ነገር ቀስ ብለህ ንገራት። እህቴን፣ ባለፈው የሰፋሽልኝ ቱታ ልክክ አለልኝ በላት። ትንሹን ጉንጩን ንከስልኝ። አክስቴንም ጸሎቷ እንዳይቋረጥ አደራ በልልኝ።

ውድድሩ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌሎቹ ተሰልፈው ሲነሱ እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ቁልፉን ሳልነካ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ይቅደሙኝ፤ ድምፅህን ሳልሰማ አልነሳም።

ልጅህ

ከኮሌጁ ዎርክሾፕ፣ ግንቦት ፬ ቀን