ድልድዩን የነቀነቅሁ ዕለት

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ በብርድ የሚሰነጣጠቀው ከንፈርሽ እንዴት ነው? ሳቅሽስ እንዴት ከርሟል? አሠሪዎችሽ እሱንም በፈረቃ አድርገውብሻል ወይ? እዚያ ባሕር ማዶ የምታጥቢያቸውና የምታጎርሺያቸው አሮጊቶችስ ደህና ናቸው? ያቺ የምትነክሰዋ ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም ትነክስሻለች? ያቺ ሌላዋስ፣ በልጇ ስም እየጠራች «ዛሬም ዘገየሽ» የምትልሽ፣ ዛሬም ልጇ ነሽ? እኔ ያው ነኝ፤ አካሌ ደህና ነው፣ ጠባዬ ግን አልተሻለውም። እማዬም በሕይወት አለች። «በሕይወት አለች» ያልኩት እንድትደነግጪ ነው። ደነገጥሽ? ጥሩ። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ያን ነጭ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት አንብቢ፤ ከከተትሽውም አውጪውና አንብቢ። ነገሩ ስለ እጮኛሽ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ፣ ምክንያቱም እኔ ከሱ አምራለሁ። ወንድምሽ ባቡር ነጂ ሆኗል። አትሳቂ! ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ባቡር ቢነዳ ምን ያስገርማል? ባቡሩ ሐዲድ የለውም፣ በጎማ ነው የሚሄደው፤ ጭስም የለውም፣ ጭሱ ላዩ ላይ ተስሏል። ልጆች አሳፍሬ ወንዙ ዳር በተሠራው አዲስ መናፈሻ ውስጥ እዞራለሁ። ቀይ ኮፍያ ሰጥተውኛል፣ ከፊቱ ወርቃማ ክንፍ ያለበት። ድምፅ ማጉያም ሰጥተውኛል፤ የተሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ በስተግራችሁ በምታዩት ውሃ ውስጥ ትኬት ሳይቆርጡ የተሳፈሩ ልጆች ይኖራሉ» ስላቸው የሚነሳውን ለቅሶ ብትሰሚው! እናቶቻቸው ይሰድቡኛል፤ ልጆቹ ግን እንባቸውን ሳይጠርጉ «ድገመው!» ይሉኛል።

ወንዛችንን ብታዪው አታውቂውም። የቆዳ ፋብሪካው ቀለሙን የሚለቅበት፣ አፍንጫችንን በነጠላ ጫፍ አፍነን የምንሻገረው ያ ወንዝ አሁን በሁለቱም ዳር ሣር ለብሷል፤ ሣሩም እንደ ምልምል ወታደር ጭንቅላት እኩል ተከርክሟል። የድንጋይ ደረጃ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ዥዋዥዌ አለው፣ ወደ ላይ የሚተፋ ፏፏቴም አለው። ልብስ የምታጥቢበት ያ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያውን አበባ ተተክሎበት «አትቀመጡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ እንግዲህ ስትመጪ አንቺም አትቀመጪበትም። ውሃው ግን ያው ነው። ልብሱን ለወጠ እንጂ ገላውን አልታጠበም። ነፋስ ከላይ በኩል ሲመጣ ሽቶ ተቀብቶ የመጣው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔም በድምፅ ማጉያው «ክቡራን ሆይ፣ ይህ የድሮው ነው» እላቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ድልድዩ ነው። አዝለሽ የምታሻግሪኝን፣ እኔም ጀርባሽ ላይ ሆኜ ጆሮሽን የምነክስበትን ያን የበሰበሰ ግንድ ታስታውሺ የለ? እሱ በነበረበት ቦታ ነው የተሠራው። ለእግረኛ ብቻ ነው፤ እንኳን መኪና ጋሪም አያልፍበት። ከሁለት ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች በወፋፍራም የብረት ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ እንጨት ነው። መግቢያው ላይ «መዝለልና እግር አስተካክሎ በሰልፍ መሄድ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ አቁመዋል። አየሽ፣ እነሱ ባይጽፉልን እኛ ከየት እናውቅ ነበር? እኔ፣ አይስክሬም ሻጩና ፎቶ አንሺው ሰሌዳውን አንብበን እንደጨረስን ትንሽ ገባ ብለን ቆምንና እግራችንን አስተካክለን ረገጥን። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ድልድዩ እንደ ሰካራም ወገብ ይወዛወዝ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብን። ፍቅረኞች ሲመጡ እንነቀንቃለን፤ ልጅቷ ትጮሃለች፣ ልጁ ያቅፋታል፣ ፎቶ አንሺው ያነሳቸዋል፣ አመስግነውን ይሄዳሉ። ጥበቃው ራሱ «ኧረ ቀስ!» ከማለት በቀር ነገሬም አይለን።

አሁን ወደ ሰውዬሽ ልምጣ። እኔ ሽሮፕ ነው የምለው። መድኃኒት ቤት ስላለው ብቻ አይደለም፣ አፉ ስለሚጣፍጥም ነው። በስልክ ሲያናግርሽ እኮ ቤትሽ ጉንዳን እንዳይወርሰው እሰጋ ነበር። በየእሑዱ እየመጣ የእማዬን የደም ግፊት ይለካል፣ ጉልበቷን ቅባት ያሻታል፣ ሲሰናበትም ቃሉ ሁሌ አንድ ነው፦ «እኔ እያለሁ እርስዎ ምን ሊሆኑ!» አክስታችን ይህን በሰማች ቁጥር እንባዋ ይመጣል። የሷ ባል «አለሁ» ብሏት አያውቅማ፤ እያለም።

ያለፈው እሑድ «እናታችን ድልድዩን ሳያዩማ አይሆንም» ብሎ መጣ። እማዬም አንቺ የላክሽላትን ጫማ አደረገች፤ ያን የሚያብረቀርቀውን፣ ለሠርግሽ ብላ ሳጥን ውስጥ የቆለፈችበትን። «ትንሽ ላለማምደው» አለች። ሶሉ ሳሙና ነው፤ ስትገዢው ገልብጠሽ አላየሽውም እንዴ? እኔ በዚያ ሰዓት ባቡሬን ድልድዩ ሥር አቁሜ ነበር። ሽሮፕ ባቡር እንደምነዳ አያውቅም፤ እማዬ አፍራ «ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገብቷል» ብላዋለች። ቀይ ኮፍያዬን ከሩቅ ስታይ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እንዳትጠራኝ ማለቷ ነው። ክንዱን ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እሷው ሙሽራ መስላ ወደ ድልድዩ ወጣች።

እኔም አሰብኩ። የሽሮፕ ጠርሙስ ላይ ምን ይጻፋል? «ከመጠጣትዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ» አይደል? እታለም ልትጠጣው ነው፣ ማንም አልነቀነቀውም። ለእማዬ ክፉ አላሰብኩም፤ እሷ እኛን ስታሳድግ ከዚህ የባሰ ተነቅንቃለች። ሁለቱን ጓደኞቼን ጠራኋቸው። ሰውዬሽ መሃል ላይ ደርሶ፣ ድልድዩ ስንት ዝሆን እንደሚሸከም ምሰሶውን በጣቱ እያሳየ ሲያስረዳት ጀመርን። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ጨመርንበት።

ሽሮፕ ስለ ዝሆኑ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀጥ አለ። ከዚያ «ተበጠሰ!» ብሎ ጮኸ። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። እማዬ ክንዱን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እታለም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከክንዱ ላይ ፈለቀቃቸው። ባቄላ እንደሚፈለፍል ሰው። ከዚያ ሮጠ።

አሯሯጡን ባየሽው! የልጅ ፊኛ ረግጦ አፈነዳ፣ በፍንዳታው ራሱ ደንግጦ ፍጥነት ጨመረ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ፣ እኔንም በትከሻው ገፍትሮኝ አለፈ። ኮፍያዬን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ሣሩ ላይ ሲደርስ ዛፍ አቅፎ ቆመ። ዛፍ አልኩ እንዴ? ችግኝ ነው! ገና ሰሞኑን የተተከለ፣ ውፍረቱ የመጥረጊያ እጀታ የማያክል። ሳቅ ገደለኝ። ሆዴን ይዤ እንጨቱ ላይ ተንከባለልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ፤ ቀና ስል እማዬ ከቆመችበት የለችም። መደገፊያውን ልትይዝ ስትል ያ ጫማሽ አንሸራትቷት በእጇ ላይ ወድቃለች።

ያነሳቻት ሙሽራ ናት። ፎቶ ልትነሳ የመጣች፣ የማናውቃት የሰው ሙሽራ። ቬሎዋን እንጨቱ ላይ ዘርግታ ተንበረከከችና እማዬን ጭኗ ላይ ደገፈቻት። ሙሽራው «ልብስሽ! ልብስሽ!» ቢላት ዞር ብላም አላየችው። እኔ ሮጬ ስደርስ አንዷ ውሃ ታጠጣታለች፣ አንዷ በሚዜ አበባ ታራግብላታለች። ለኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሽሮፕ በአንድ ጫማ እየተራመደ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ «እርዳታ ልጠራ ሄጄ ነው!» እያለ ተመለሰ። እውነት ለመናገር እጁ ጎበዝ ነው። ከሚዜዋ ሻርፕ ተቀብሎ የእማዬን ክንድ አስሮ አንገቷ ላይ አንጠለጠለው፤ ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ «ማነው እንዲህ አሳምሮ ያሰረው?» ብላ አደነቀች። እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ «ምን ላድርግ፣ እኔ እያለሁ…» አላት። አጥንቷ ተሰብሯል፤ እጇ እስከ ክርኗ ጄሶ ውስጥ ነው። አክስታችን ለሰፈሩ ስታወራ ግን ሰውዬሽ እማዬን በጀርባው አዝሎ ድልድዩን አሻግሯታል። ወሬው ሳምንት ካደረ አዝሏት ዋኝቷል ማለቷ አይቀርም።

የተሰበረው የቀኝ እጇ ነው። ስለዚህ የማጎርሳት እኔ ነኝ፣ ፀጉሯን የማበጥራትም እኔ ነኝ። አንቺ ተምረሽ የምስክር ወረቀት የተቀበልሽበትን ሥራ እኔ በነፃ ጀምሬዋለሁ። እማዬ ግን አትነክስም። ሰኞ ምሳ ላይ ሳጎርሳት «የዚህን ሰው ጉድ ለእታለም ልጽፍላት ነው» አልኳት። አፏን ገጠመችብኝ። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። «ትንፍሽ እንዳትል!» አለችኝ። «የምትመጣው ልታገባ ነው። ሠርጉ ከቀረ እሷም ትቀራለች። ከፈራ ይፍራ፤ አባታችሁም ድመት ይፈራ ነበር፣ ኖርኩ» አለችኝ። እኔም «ጣትሽን ፈልቅቆ ለጣለሽ ሰው ልጅሽን ልትሰጪው ነው?» አልኳት። ለዚህ የመለሰችልኝን መጨረሻ ላይ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ከጻፍኩት የቀረውን አታነቢውም።

እንዳልነግርሽ በአባዬ አጥንት አስምላኛለች። ይኸው አፈረስኩት። አባዬ ይቅር ይለኛል፤ ድመቷን አልጋው ውስጥ የምደብቅበት እኔ አልነበርኩ? ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ አንቺ ለመቅበር ጊዜ ስለሌለሽ ነቅንቄልሻለሁ። ከፈለግሽ አግቢው። ድልድይ የሌለበት ሰፈር ብትኖሩ ጥሩ ባል ይወጣዋል፤ ጉልበት ያሻል፣ ቁስል ያስራል፣ አፉ ማር ነው። ካልፈለግሽውም ቀሚሱን እዚያው ሽጪውና እንዲሁ ነይ። ሰው ወደ እናቱ የሚመጣው ለሠርግ ብቻ ነው እንዴ? ብርድ ልብስ ላክሽ፣ የግፊት መለኪያ ላክሽ፣ ጫማም ላክሽ፤ ጫማሽ ያደረገውን አየሽ። ክንድ በፖስታ አይላክም፣ እታለም። ሠርጉ ሲቀር አብረሽ ከቀረሽ እማዬ ትክክል ነበረች ማለት ነው፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ሌላውን እጇን ሰበርኩት ማለት ነው።

አክስታችን «ሙሽሪት እንደምን አለሽ» ብላሻለች፤ አዲስ ሻሽ ገዝታለች፣ ምን እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ። አይስክሬም ሻጩ ሰላም ብሎሻል፤ ድልድዩ ላይ እንዳንወጣ ስለተከለከልን አብሮኝ ሥሩ ተቀምጦ ይተክዛል። ፎቶ አንሺው እጅ ነስቶሻል፤ ሰውዬሽ በአንድ ጫማ ችግኙን እንዳቀፈ ያነሳውን ፎቶ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ፣ ከወደድሽው ለሠርጉ የጥሪ ካርድ ይሆናችኋል። ድመቷም ደህና ናት፤ የሚፈራት ሰው ካጣች ወዲህ ወፍራለች። ሽሮፕ ራሱ «ለእመቤቴ ናፍቆቴን ንገርልኝ» ብሎኛል፤ ነገርኩሽ።

እማዬ ደግሞ ያን ዕለት ማንኪያውን በግራ እጇ ቀስ ብላ ገፋችና «አንዱ ሮጠ፣ አንዱ ሳቀ፤ ክንዴን የምትይዘኝ አለችኝ፣ እሷም የሰው እናት ይዛለች» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «በል አጉርሰኝ፣ ቀዘቀዘ» አለች። አጎረስኳት።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ባቡር ነጂው

ወንዝ ዳር፣ ከቆመው ባቡር ውስጥ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን