ለእንግዶች ሲባል ስለተጣለው የእንግዴ ልጅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ማንም ሳይረግጠው እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። በአካል መጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ፣ መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» ብለው አሣቁብኝና ተመለስኩ። በጽሑፍ ሲሆን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ታላቅ እኅቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ትኩሳትና ሽፍታ ይዟት ስትመጣ፣ ተረኛው ባለሙያ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ቫይረስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ይዞታል፤ አንቺን ምን ልዩ ያደርግሻል?» ብለው ስለሸኟት አመሰግናለሁ። ልዩ የሚያደርጋት ሆዷ ጠረጴዛቸው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ሆኖም ሥራ ስለሚበዛባቸው ሳያዩት ቢቀሩ አልፈርድም።

፪. ከሳምንታት በኋላ የልጁ እንቅስቃሴ ሲቀንስ እንደገና መጣን። በአልትራሳውንድ ያዩአት ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ጠርተውኝ «የእንግዴ ልጁ ተጎድቷል» አሉኝ። እኔ «የእንግዳ ልጅ» ያሉ መስሎኝ ለማላውቀው ልጅ አዘንኩ፤ ለእኛው ደግሞ ደስ አለኝ። ለእናቴም ደውዬ፣ የእኛ ደህና ነው፣ የተጎዳው የእንግዳ ሰው ልጅ ነው አልኳት። እናቴ «እሰይ የኔ ልጅ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «ያሉሽ ‹ዳ› ነው ‹ዴ›?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዴ» አልኳት። ስልኩን ማናችን እንደዘጋነው አላስታውስም።

የእንግዴ ልጅ ማለት ልጁን ተከትሎ የሚወጣው፣ ከእናትየው ደም ምግብና አየር ተቀብሎ ለልጁ የሚያቀብለው እንደሆነ ሐኪሟ በኋላ አስረዱኝ። አንዳንድ ቫይረስ እሱን ያቆስለዋል፤ ሲቆስል ማቀበል ያቅተዋል፤ እናትየው በልታ ጠግባ ልጁ ውስጥ ይራባል። ልጃችን ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ይህኛው ምስጋና ስለሌለው ቁጥር አልሰጠሁትም።

፫. ሐኪሟ ምክንያቱ በትክክል እንዲታወቅ ብለው የእንግዴ ልጁን ለላቦራቶሪ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው መስኮቱ ሥር አስቀምጠውት ነበር። ያን ዕለት ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለሚመጡ፣ ክቡርነትዎ በየክፍሉ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይነሣ ብለው አዝዘው ኖሮ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እንደታዘዙት ሰብስበው ጣሉት። ለእንግዶች ሲባል የእንግዴ ልጅ ሲጣል የእርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርምና እንኳን ደስ ያለዎት። እንግዶቹ በዕለቱ እንዳልመጡም ሰምቻለሁ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል።

ሐኪሟ አሁን «ቫይረሱ ይመስለኛል» ከማለት አያልፉም። የእኅቴ አማት ደግሞ «ይመስለኛል» የሚባል ቃል አያውቁም፤ «ያን የልብስ ሳፋ አታንሺ ብዬሽ አልነበረም?» ይላሉ፣ ጠዋትም ማታም። እኅቴም አመነቻቸው። ልጄን በገዛ እጄ ነው የገደልኩት ትላለች። አታለቅስም፤ እጆቿን ታያለች። እኔም አላለቅስም፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቤታችን ድረስ መጥተው፣ አማቷ እየሰሙ፣ መልሱን የጣለው ሆስፒታሉ እንደሆነ፣ እኅቴም ልጇን እንዳልገደለች በአንደበትዎ ይንገሩልኝ። እኔ ብዙ ጊዜ ነግሬያት ነበር፤ የእኔ ቃል ግን ማኅተም የለውም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወረፋው መጨረሻ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እናት ለመባል ትንሽ የቀራት ሴት ታናሽ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኅቴ ትናንት ሳፋውን ለጎረቤት ሰጠችው። በእኛ በኩል ጥፋተኛው ከቤት ስለተባረረ፣ ጉዳዩ ወደ እርስዎ ይመጣል ብለው አይስጉ።