ሳይወርድ የተሳለመ ዕለት

ልጄ ደሳለ፣ እንደምን ከረምክ? ጻድቁ ላሊበላ በሰው አገር መንገድህን ያቅናልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ አለን፣ መኖር ከተባለ። ገብሱን ውርጭ መታው፤ ላሚቱም ነጥፋለች።

ስለ አባትህ የሰማኸው እውነት ነው። ጎማ በቀየረ ቁጥር ገነተ ማርያምን የሚያሳየው መታጠፊያ ላይ ወርዶ እንደሚሳለም ታውቃለህ። ከተሳለመ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች ፊት ለፊት እያፈራረቀ እንደገና ያጠብቃቸው ነበር፤ ትንሽ ሲነዳ ይላላሉ ይላል። ያን ቀን ግን የጎረቤታችን ልጅ ንጋት ምጥ ይዟት፣ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ሚኒባሱ ላይ ጭኗት ነበር። ጎማው መንገድ ላይ ተነፈሰበት። እሷ እየጮኸች እሱ እየተጣደፈ ቀየረው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ብቻ ደፍቶ አለፈ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ወልቆ ሄደ፤ መኪናው ተገለበጠ። ንጋትን ከነፅንሷ ቀበርናት።

አባትህ ምንም አልሆነም ይላሉ። ጎማውን መልሰው ገጥመው፣ መኪናውን ጎትተው ግቢያችን አቆሙት። እሱ መፍቻውን ይዞ ሥሩ ተንበርክኮ ይውላል፤ የጠበቀውን ዳዶ ደግሞ ያጠብቃል። እህል በግድ ነው የሚቀምሰው። የንጋት እናት በአጥሩ በኩል ታየዋለች።

አንተም እዚያ መኪና ትነዳለህ አሉኝ። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ጎማ ቀይረህ ጥቂት እንደሄድክ ወርደህ እየው፤ የፈለገው ቢቸኩል ውረድ። እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ፣ በሰላም ለዓይኔ ታብቃህ።

ደግሞ ለአባትህ ደውልለት። «አባዬ፣ ጠብቋል፣ በቃህ» በለው። እኔ ስለው አያምነኝም።