መቶው ዋት የት ገባ?

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ዝናብ። ከሌሊት ጀምሮ አላቋረጠም። ቦንጋ በሐምሌ ሌላ ምን ታውቃለች? ሱቅ አልከፈትኩም። እሁድ የሬዲዮ ቀን ነው፤ የሰው ቴሌቪዥን ሰኞ ይደርሳል።

አራት ሰዓት ላይ ከጋሽ ሰብሃት ጋር ተገናኘን። እሳቸው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዮሀና ቤት፣ እኔ እዚህ ጓዳ ውስጥ ማይክ ይዤ። ከሄዱ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቦንጋ ላይ ፊዚክስ አስተምረው፣ ለእኔም የብየዳ ካውያ አያያዝ አሳይተው፣ ጡረታ ወጥተውም እዚሁ ብዙ ዓመት ቆይተው ሄዱ። ስልክ አይወዱም። «ስልክ ለመርዶ ነው» ይላሉ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃዳችንን በአንድ ቀን ነው ያወጣነው። ከሄዱ ወዲህ አንድም እሁድ አምልጦን አያውቅም።

ዛሬ «ኸይሩ፣ ድምፅህ ራቀብኝ» አሉ።

«ከእኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው። አየሩ ይሆናል» አልኳቸው።

የሬዲዮውን የኃይል መለኪያ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ባለቤቴ አሚናት ገንፎ አገንፍታ ነበር። ሁለቴ አስጨመርኩ። ጥሩ ቀን ነበር።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ምን አልክ?»... «እስቲ እንደገና»... ስለ ቡና ችግኝ ነበር የማወራው፤ ይሄን ያህል የሚያስደግም ነገር የለውም።

በመጨረሻ «ጆሮዬ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

እኔ ምን አልኩ? ሳቅሁ። «ሰባ ስድስት ዓመት ሠርቶ ቢደክመው አይፈረድበትም ጋሼ!»

እሳቸው አልሳቁም። ወይስ ስቀው ሳልሰማ ቀረሁ? አይ... እኔ እሳቸውን ጥርት አድርጌ ነው የምሰማቸው። ሳል እንኳ አያመልጠኝም።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ዛሬ አየሁት። ማይኩን ስጫን መርፌው ስልሳ ላይ ቆመ። መቶ ዋት ነበር መሆን ያለበት። ለቀቅኩት፣ እንደገና ጫንኩት። ስልሳ። መታ መታ አደረግኩት (እኔ! ደንበኛ ቴሌቪዥኑን ሲመታ የምቆጣው ሰውዬ)። ያው ስልሳ።

ያን ጊዜ «ጋሼ፣ ለካ የእኔ ሬዲዮ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝና «ይቅርታ ኸይሩ፣ እንደገና በለው» አሉ። ይቅርታ አሉኝ! እኔም «ግድ የለም» ብዬ ደገምኩላቸው።

ለምን አልነገርኳቸውም? የዚህ ከተማ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ የጤና ጣቢያው ሚዛን ሳይቀር በእኔ እጅ ነው ያለፈው። የኸይረዲን ሬዲዮ ሲበላሽ ማን ሊጠግነው ነው? እሱ ነው የከበደኝ። በዚህ ሳምንት ጠግኜው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እቀጥላለሁ አልኩ በሆዴ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ከኃይሉ መስመር ጀመርኩ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዝገት አገኘሁ። ፈተግኩት፣ አጠበቅኩት። ስልሳ አምስት። ኤጭ!

ሐምሌ 27፣ እሁድ

አርባ።

ጋሽ ሰብሃት ምንም አልሰሙም። «ኸይሩ አለህ?... ኸይሩ?... አለህ?» አሥር ደቂቃ ሙሉ ጠሩኝ። እኔም እየጮህኩ «አለሁ! አለሁ ጋሼ!» እላለሁ። ጩኸት ዋት አይሆንም፤ ይሄንን ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ዮሀና ደወለች። «ጋሼ ኸይሩ፣ አባዬ ሬዲዮውን ለአዲስ ዓመት እዚህ ሰፈር ላለ ትምህርት ቤት እሰጣለሁ እያለ ነው። ጳጉሜ ላይ አንቴናውን የሚያወርድለት ሰው ፈልጊልኝ ብሎኛል። ‹የኸይሩ ሬዲዮ ደህና ነው፣ ያለቀው የእኔ ጆሮ ነው› ይላል። ቤት ውስጥም ዝም ዝም ማለት አብዝቷል።»

«አይ... እስቲ አይቸኩሉ በያቸው» አልኩ። ይችን ብቻ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አፈርኩ ብዬ የጻፍኩት እዚህ ብቻ ነው።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ሬዲዮውን ፈታሁት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ትራንዚስተሮች ደክመው ይሆናል ብዬ ነው። እነሱ ናቸው ኃይሉን የሚሰጡት። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ ግን መቼ ደርሶ? ጳጉሜ ሩቅ አይደለም። ካውያውን አጋልኩና ላወጣቸው ስል አሚናት ሻይ ይዛ ገባች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየጠገንኩ።»

«የሰው ቤት ስትሄድ መጀመሪያ ገመዱን ነው የምታየው። ‹ሶኬቱ ተሰክቷል?› ትላለህ። ሰው እስኪናደድ ድረስ ትጠይቃለህ። የራስህ ሲሆን ሆዱን ቀደህ ጀመርክ?»

«ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም አሚናት።»

«እሺ፤ ዶክተር ራሱን አያክምም አሉ» ብላ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ተናደድኩ። ሻዩን ጠጣሁ። ካውያውን ነቀልኩት። ልክ ናት፣ ምን ይደረግ!

ነሐሴ 4፣ እሁድ

የውሸት አንቴና ሠራሁ። ሃያ ሬዚስተር አንድ ላይ በይጄ፣ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነክሬ። ሬዲዮው ኃይሉን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ዘይቱ ይልካል ማለት ነው፤ ዘይቱ ይሞቃል እንጂ ማንም አይሰማም። ጋሽ ሰብሃት ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ያሳዩን ዘዴ ነው።

ማይኩን ጫንኩ። መቶ!

«አሚናት! መቶ!» አልኩ። «እና?» አለች ከማድ ቤት።

እናማ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። በሽታው ውጭ ነው። የተላከው ኃይል መውጫ ሲያጣ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ሬዲዮው ደግሞ ራሱን እንዳያቃጥል ኃይሉን ይቀንሳል። እሱ ምን ያድርግ? አስተዋይ ሆኖ ነው። እኔ ነኝ ያለ ጥፋቱ ሆዱን የፈታሁት።

አንቴናው ያለው ከጓሮ፣ ትልቁ ዋንዛ ላይ ነው። የሰቀለው ተስፋሁን ነው። ተስፋሁን ጎረቤቴ ነው፤ ከጫካው ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ያደገ። እኔ ወንበር ላይ ስቆም እንኳ ይዞርብኛል። ሚስቱን ብጠይቅ «ቀፎ ሊያይ ሄዷል፤ ዝናቡ ካልቆመ ዛፍ አይወጣም» አለች። መቼ ይቆማል? ትከሻዋን ነቀነቀች።

ዛሬ በአራት ሰዓት ጋሽ ሰብሃትን ጠራሁ። መልስ የለም። የእሳቸው ድምፅ ለእኔ ጥርት ብሎ ይመጣ ነበርና፣ ሬዲዮውን አልከፈቱም ማለት ነው።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ጠራሁ። ዝም። ዝናብ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ሰማዩ ተገልጧል፣ ተስፋሁን በር ላይ ቆሟል። ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሟል። «ዛሬ ካልወጣሁ ነገም ይዘንባል» አለ። ወጣ። እኔ ከታች «ቀስ! ቀስ በል!» እላለሁ። «አንተ ዝም ካልክ አልወድቅም» አለኝ።

ቀፎ እንደሚያወርደው በገመድ ቀስ አድርጎ አወረደልኝ። ኬብሉ ከአንቴናው የሚገናኝበትን ቦታ ሳየው ክው አልኩ። ግንቦት ላይ አድሼው ነበር። የኤሌክትሪክ ማሸጊያ ናስትሮ አልቆብኝ ስለነበር ከገበያ ሰፈፍ ገዝቼ፣ አቅልጬ ደፈንኩት። እንዲያውም ኮርቼ ነበር! የካፋ ሰው ከማር አገር ሆኖ ውሃ መከላከያ ይገዛል እንዴ ብዬ...

ሰፈፉ ተቦርቡሮ አልቋል። ውስጡ የጉንዳን መንገድ ነው። ኬብሉን ሳዘቀዝቀው ውሃ ተንጠባጠበ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

ተስፋሁን አሸተተው። «ይሄን ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«ሰም ቢሆን ደግ ነበር። ይሄ ያልተጣራ ሰፈፍ ነው፣ ማር አለበት። እኛ አዲስ ቀፎ ላይ ሰፈፍ የምንቀባው ለምንድነው? ንብ ሸትቶት እንዲመጣ ነው። አንተ እኮ ጠራሃቸው! ንቡ መጣ ላሰ፣ ጉንዳኑ መጣ ቆፈረ፣ ዝናቡ ተከትሎ ገባ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ማር አገር ኖሬ! ተስፋሁን ዛፉን ተደግፎ ሳቀ፤ አሚናት ከበረንዳው ሳቀች። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

መዳቡ ቀይ እስኪሆን ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ቆረጥኩ። በየድኩት፤ በናስትሮ ሦስት ዙር ጠቀለልኩት። ተስፋሁን መልሶ ሰቀለው። ጓዳ ገብቼ ማይኩን ጫንኩ።

መቶ። አልሐምዱሊላህ።

ተስፋሁን ሁለት ሰሃን ምሳ በልቶ ሄደ። ደስታዬ እስከ መግሪብ ቆየ። ከዚያ አሚናት «ታዲያ ማን ሊሰማህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጋሽ ሰብሃት ሬዲዮ አይከፍቱም። መቶ ዋት ቀርቶ ሺህ ብልክ የተዘጋ ሬዲዮ አይሰማም። እንዲከፍቱት መንገር አለብኝ። ስነግራቸው ደግሞ... ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሦስቴ ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ለዮሀና ብቻ ነግሬ ልለፈው አልኩ። «ተጠገነ በያቸው» ብዬ። አሚናት አየችኝ። እሱ ይብሳል።

አራተኛው ላይ ደወልኩ። ዮሀና አንስታ ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ሰብሃት።

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ኸይረዲን ነኝ። ጆሮዎ ደህና ነው። የተበላሸው የእኔ አንቴና ነው፤ መገናኛው ውሃ ገብቶት። ከሐምሌ ሃያ ጀምሮ አውቅ ነበር። ስልሳ ዋት ሲል አይቼ፣ አፍሬ ዝም አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወንበር ሲስቡ ሰማሁ።

«በምን ደፈንከው?»

«በሰፈፍ።»

«በሰፈፍ!» አሉ። እንደገና «በሰፈፍ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ነገ እሁድ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስልኩን ዝጋ።»

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ማይኩ ሥር ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሲል ጠራሁ።

«ሰማሁህ» አሉ።

ሌላ ነገር አላስፈለገኝም። ግን እሳቸው አላበቁም። ወረዱብኝ። «አንድ ወር ሙሉ! ዮሀና ድስት ስትከድን ሰምቼ እንኳ፣ ድስት ነው የተከደነው እያልኩ እየጠየቅኳት... አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ተማሪ ነኝ ብለህ ለማንም እንዳትናገር!» ተቀበልኩ። የሚገባኝ ነው። ልክ ናቸው። ከዚያ ስለ ጉንዳኑ አስተረኩኝ፤ ንቡ ጋ ስደርስ ሳቁ። ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው። ያን ሳል ሁሌም እሰማዋለሁ።

ትምህርት ቤቱስ? «ሌላ ነገር እፈልግላቸዋለሁ» አሉ። አንቴናው ባለበት ይቆያል።

አሚናትም ገባች። «ጋሽ ሰብሃት፣ ሰውዬውን አሻሽለው አስተምሩልኝ» አለች። «ክፍል ይድገም» አሉ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

መቶ። የአዲስ ዓመት ወሬ። አሚናት እንደነገረችኝ ከሆነ እንቅልፌ ተመልሷል።

መስከረም 4፣ እሁድ

ፀሐይ! ጓሮው ሁሉ አደይ አበባ ነው።

አሁን ስንገናኝ መጀመሪያ የእኔን ቁጥር እናገራለሁ። አላዘዙኝም፤ ራሴ ነው የጀመርኩት። ዛሬ «ዘጠና አምስት ነው ጋሼ፣ አምስት ጎድሏል፤ ሰኞ አየዋለሁ» አልኳቸው። «አደግክ» አሉ።

ከዚያ «ዛሬ ቶሎ ልዘጋ ነው፣ ማኅበር አለብኝ» አሉ።

«እንኳን አደረሰዎ። በነሐሴውስ በላችሁ ጠጣችሁ?»

«አልሄድኩም።»

«ምነው?»

«ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ከሰው ቀርቼ ነበር። ሰው ሲያወራ ሳልሰማ እየሳቅሁ መቀመጥ አስጠላኝ።»

«ግን ይሰሙ ነበር እኮ!»

«እሰማ ነበር። የሰማሁትን አላመንኩትም። ‹ከእኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው› አላልከኝም? የኸይሩ ሬዲዮ አይበላሽም ብዬ የራሴን ጆሮ ተውኩት።»

እኔ ሬዲዮ ብቻ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሰውዬውን ከወዳጆቻቸው ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ቃል፣ በአንድ ኩራት። ማይኩን ሳልጫን ቀረሁ። ዓይኔ አቀረረ፤ እዚህ እጽፈዋለሁ።

«ኸይሩ፣ አለህ?»

«አለሁ ጋሼ። በሉ እንዳያረፍዱ፣ ይሂዱ። የሚወራውን ሁሉ ሰምተው መጥተው ይንገሩኝ።»

«የማኅበር ወሬ በሬዲዮ አይነገርም!» ብለው ዘጉት።